የጅሩ ሰንጋና እኛ

በሰሜን ሸዋ፣ በጅሩ ምድር ባለችው በእነዋሪ ታኅሣሥ ሲጋመስ ልጅ ሆዱም ኪሱም ባዶ ሆኖ አያውቅም ነበር። ጥቁሩ የጅሩ መሬት ክረምቱን ሙሉ ውኃ አቁሮ ስለሚከርም ሽምብራ፣ ምስርና ጓያ የሚዘሩት ዝናቡ ሊወጣ ሲል ነው። ሌላው አገር አጨዳውን ሲጨርስ እነዚህ ሰብሎች አፈሩ በያዘው እርጥበት ብቻ አድገው እሸት ያደርሳሉ። ከብት ጥበቃ የወጣ ልጅ ሽምብራውን ከነሥሩ ነቅሎ በጭድ እሳት ይለበልበዋል። ቅጠሉ እየጨሰ ይረግፋል፣ ፍሬው ከነገለባው ይንጣጣል፣ እሳቱ ሲበርድ ከአመዱ እየለቀሙ መብላት ነው። የሽምብራ ተክል ሲነኩት ጣት ላይ ኮምጠጥ ያለ ወዝ ይተዋል፤ ያ ወዝ ከአመዱ ጋር ከንፈር ላይ ሲቀር ጨውም ሎሚም አያስፈልገውም። ማታ ከንፈሩን አጥቁሮ የገባን ልጅ እናቱ የት እንደዋለ አትጠይቀውም፤ ፊቱ ይናገራል።

ዛሬ በእነዋሪ ዋና መንገድ ግራና ቀኝ ባሉት ሱቆች ደጃፍ ላይ ከጣሪያ እስከ መስኮት በረድፍ የተንጠለጠለው የታሸገ ቺፕስ፣ ብስኩትና ከረሜላ ነው። ወቅት የለውም፤ ሐምሌም ጥርም ያው ነው። ለስላሳ መጠጥ አዲስ አበባ ውስጥ በፋብሪካ መታሸግ የጀመረው በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ቢሆንም፣ ወደ እኛ አካባቢ ሲደርስ ለረጅም ጊዜ የሠርግና የበዓል ነበር። አሁን ከትምህርት ቤት የሚመለስ ልጅ ገዝቶ እየጠጣ ይሄዳል። 330 ሚሊ ሊትር የሚይዝ አንድ የኮካ ጣሳ 35 ግራም ያህል ስኳር አለው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ አንድ ዐዋቂ ሰው ምግብና መጠጥ ላይ የሚጨመረውን ስኳር በቀን ወደ 25 ግራም ገደማ ቢያወርድ የተሻለ እንደሚሆን መክሯል። ልጁ ገና ቤቱ ሳይደርስ የዐዋቂውን ልክ አልፏል።

ያን ጊዜ ስኳር በቤታችን የእንግዳና የበሽተኛ ነበር። ጣፋጭ ሲባል በአውዳመት የምትገኝ ጥቂት ማር፣ ወይም ከገበያ የተመለሰች እናት ከነጠላዋ ጫፍ ፈትታ የምትሰጠን ደስታ ከረሜላ ነው፤ አንዷን ሁለት ልጅ በጥርስ ሰብሮ ይካፈላታል። የዘወትሩ ምግብ ከማሳው እስከ ገበታው ዐይናችን እያየ የሚመጣ ነበር፦ ሽሮው፣ ምስሩ፣ የባቄላ ክኩ፣ የስንዴ ቂጣው፣ የገብስ በሶው። ማታ ምጣዱ ከተጣደበት ሳይወርድ ቆሎ ይቆላል፤ ባቄላው ተነክሮ አሹቅ ይሆናል። በዐቢይ ጾም ስልጆው ስናፍጩ አፍንጫ እስኪሰነጥቅ ድረስ ይቀመማል። የጾሙ ቀን ደግሞ ብዙ ነው። 55ቱን የዐቢይ ጾም ቀናት፣ ፍልሰታን፣ የነቢያትንና የሐዋርያትን ጾም፣ ረቡዕና ዓርብን ስንደምር ምእመኑ በዓመት ከ180 ቀን በላይ ይጾማል። ልጆች እስከ ዘጠኝ ሰዓት መዋልን እንደ ጀግንነት እንሽቀዳደምበት ነበር። ረኀብ መጥቶ እንደሚሄድ፣ ያማረን ነገር ሁሉ ወዲያው ካልተበላ ሰው እንደማይሞት የተማርነው እዚያ ነው።

አሁን ጾሙ አለ፤ ቀኑም አልተቀነሰም። ነገር ግን የጾም ኬክ፣ የጾም በርገር፣ የጾም አይስክሬም መጥቷል። ብስኩቱም ቅቤና ወተት የለበትም ተብሎ ይበላል። ከሥጋና ከወተት የተከለከለው ሰው በስኳርና በረጋ ዘይት ሲካስ ይውላል። የኑግና የተልባ ዘይት ይወጣበት በነበረ አገር፣ በመንግሥት ድጎማ ከውጭ ሲገባ የኖረው የፓልም ዘይት ወጥ ቤታችንን ወርሶታል። ሥርዓቱን አክብረን መንፈሱን ማጣታችን ያሳዝነኛል። ጾም ሆድን ከአንዱ ማዕድ ወደ ሌላው ማዛወር ሆኖ ከቀረ፣ ከልጅነታችን የተረፈልንን ትልቁን የመታቀብ ትምህርት ቤት በገዛ እጃችን ዘጋነው ማለት ነው።

ስለ እነዋሪ ምግብ ሲነሳ ሰንጋውን መዝለል አይቻልም። የጅሩ ሰንጋ አዲስ አበባ ድረስ ስሙ የተጠራ ነው፤ ለፋሲካና ለገና ነጋዴው የሚሻማበት። አባቶቻችን ከእርሻ የወጣውን በሬ ሲያደልቡ አይቻለሁ፤ ጥበቡን ሲያስረዱም ሰምቻለሁ። መጀመሪያ በሬው ታስሮ ይቀመጣል፤ ከሄደ ሥጋው ይሄዳል። ከዚያ ድርቆሹና ጭዱ፣ የተከካው ጓያ፣ የጠላው አተላ በየተራ፣ ትንሽ ትንሽ እየተደረገ፣ ቶሎ ቶሎ ይቀርብለታል። እንዳይሰለች ይቀያየርለታል። የመብላት ፍላጎቱ የቀዘቀዘ ሲመስል ጨው ይልሳል፤ ጨው ያስጠማዋል፣ ውኃው ያስርበዋል፣ ረኀቡ እንደገና ያስበላዋል። በጥቂት ወራት ውስጥ የጎድን አጥንቱ የሚቆጠር የነበረው በሬ ጀርባው ላይ ውኃ ቢያፈሱበት የሚያቁር ይሆናል። የጅሩ ገበሬ ይህን ሲያደርግ ዓላማውን ያውቃል፤ ቀኑንም ያውቃል።

ዛሬ እኛ የምንኖረው እንደዚያ ሰንጋ ነው። ወንበር ላይ ታስረን እንውላለን፤ ጨዋማው፣ ጣፋጩና ቅባታሙ እየተቀያየረ በትንሽ በትንሽ እሽግ ይቀርብልናል፤ አንዱ ሲሰለቸን ሌላው ያስጎመጀናል። ይህን የሚያጠኑ ሰዎች በሙከራ አሳይተውታል። ኬቪን ሆልና ባልደረቦቹ በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም 20 ሰዎችን በአንድ ሆስፒታል አስቀምጠው ሁለት ሳምንት በፋብሪካ እጅግ የተቀነባበረ ምግብ፣ ሁለት ሳምንት ደግሞ ብዙም ያልተነካካ ምግብ አቀረቡላቸው። የሁለቱም ማዕድ ስኳር፣ ስብና ጨው ተመጣጣኝ እንዲሆን ተደርጎ፣ የመብላቱ መጠን ለተመጋቢዎቹ ተተወ። በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመው ውጤት እንደሚለው፣ የፋብሪካው ምግብ በቀረበላቸው ሳምንታት በቀን 500 ካሎሪ ያህል ጨምረው በሉ፤ በሁለት ሳምንት ውስጥም ወደ አንድ ኪሎ የሚጠጋ ክብደት ጨመሩ። አጎራረሳቸውም ፈጠን ያለ ነበር። ማንም ብሉ ብሎ አላስገደዳቸውም። ስለዚህ አንድ ሰው ቺፕስ ጀምሮ ማቆም ሲያቅተው ደካማ ነህ ማለት አይገባም፤ ምግቡ በዪው እንዳያቆም ሆኖ ተሠርቷል።

የድሮውን ስናወድስ ግን ሙሉውን እናውሳ። ነሐሴ የሚባል ወር ነበር። ጎተራው ተሟጦ አዲሱ እህል ሳይደርስ፣ ቤት ሁሉ ድምፁን ዝቅ የሚያደርግበት ወር። እናቶች ማለዳ ወፍጮው ላይ ተደፍተው ወገባቸው እስኪቆረጥ ድረስ ይፈጩ ነበር፤ የያኔውን ሽሮ ጣዕም የሚያወራ ሰው ያን ወገብ መርሳት የለበትም። ዝናቡ በከፋበት ዓመት ያለ ሌላ እህል ጓያ ብቻ ሲበላ እግር የሚሰብረው ደዌ ይመጣል። ቀጥ ብሎ ይሄድ የነበረ ጎልማሳ በምርኩዝ ተደግፎ ጉልበቱን እያጠፈ ሲሄድ አይተናል፤ አይድንም። አትክልት ሲባል ደግሞ ጎመንና ሽንኩርት ነው፤ ብርቱካን የሚገዛው ሰው ሲታመም ነበር። ብዙዎቻችን ቀጫጭን የነበርነው ጤናማ ምግብ ስለበላን ብቻ ሳይሆን ስላልጠገብንም ነው።

አሁን ወፍጮ ቤቱ ቅርብ ነው፤ የሴቶቹ ወገብ ከመጅ ተላቋል። መንገዱ ብስኩቱን ብቻ አላመጣም፤ ካሮትና ቀይ ሥር፣ ሙዝና አቮካዶም አምጥቷል። በእኔ ልጅነት ስሙን የማናውቀውን አቮካዶ ዛሬ በእነዋሪ ገበያ ሴቶች እየጨበጡ መርጠው ይገዛሉ። በአንጻሩ በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ በመውለጃ ዕድሜ ካሉ 100 ኢትዮጵያውያት 22ቱ ከልክ በታች የከሱ፣ 8ቱ ደግሞ ከልክ በላይ የወፈሩ መሆናቸውን አሳይቷል፤ ውፍረቱ በብዛት ከተማ ነው ያለው። ረኀቡ ሳይወጣ ጥጋቡ ገብቷል። ከሁሉ የሚቆጨኝ ደግሞ በጅሩና በከተማው መካከል ያለው ንግድ ነው። ጅሩ ምስሩንና ጤፉን ለከተማ ሸጦ፣ ከሽያጩ በተረፈው ብር ለልጆቹ ብስኩት ይገዛል። የጠራው እህል በከባድ መኪና ይወጣል፤ በዚያው መኪና ሲመለስ የታሸገው ይገባል።

ያኔ ያማረንን ከመብላት የሚያግደን የእኛ ጥንካሬ አልነበረም፤ አራት ነገሮች ያግዱልን ነበር። ወቅት ያግዳል፤ እሸት በጥር ካመለጠ ዓመት ይጠበቃል። ርቀት ያግዳል፤ ሱቁ ሩቅ ነው፣ ገበያው በሳምንት አንዴ ነው። ቀኑ ያግዳል፤ ዛሬ ጾም ነው፣ አለቀ። ሰውም ያግዳል፤ ከአንድ ትሪ ዙሪያ ተቀምጦ የሚበላ ልጅ ጉርሻውን የሚለካው በታላቁ ዐይን ነው። እኛ ራሳችንን ገዛን ብለን የምናስበው፣ አገሩ ሲገዛን ነበር።

ዛሬ አራቱም ላልተዋል፤ ስለዚህ ሊመልሳቸው የሚፈልግ ሰው በቤቱ በእጁ ሊያበጃቸው ይገባል። አዲስ አበባ በምሠራበት ቢሮ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ሲሆን የሚጣፍጥ ነገር የሚያምረኝ እኔም ከሌላው አልለይም። የረዳኝ ቆራጥነት ሳይሆን ዝግጅት ነው። ርቀቱን ለመመለስ ለስላሳና ብስኩት ቤት ውስጥ አላስቀምጥም፤ ከፈለግሁ ወጥቼ መግዛት አለብኝ፣ እስክወጣ አምሮቱ ብዙ ጊዜ ይበርዳል። ቀኑን ለመመለስ ለስላሳን ለበዓል አድርጌዋለሁ፤ አልከለከልኩትም፣ ወደ ድሮው ቦታው መለስኩት። ወቅቱን ለመመለስ ከገበያ ያን ጊዜ የደረሰውን እገዛለሁ፤ የሽምብራው እሸት ሲመጣ ጣፋጭ የሚባል ነገር ትዝ አይለኝም። ቁርስ ሳይበላ የወጣ ሰው በመንገድ ዳር ቦምቦሊኖና ፓስቲ እንደሚረታ ስለማውቅ ቁርሴን ሳልበላ አልወጣም፤ ቦርሳዬ ውስጥም ገብስና ሽምብራ ቆሎ አይጠፋም። ቆሎ ጥርስ ያሠራል፤ ጥርስ ሲሠራ ሆድ መጥገቡን ለማወቅ ጊዜ ያገኛል። ከሁሉም የከበደኝ አራተኛው፣ ሰው ነው። እያንዳንዱ ስልኩን እያየ ለየብቻው በሚበላበት ቤት ልጅን ብቻውን ታቀብ ማለት አይቻልም፤ ቢያንስ ራቱን አንድ ገበታ ላይ ስናደርግ ነው የልጆቹም ልመና የቀነሰው።

ቤተሰብ ብቻውን የማይችለውም አለ። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 በለስላሳ መጠጦች ላይ ታክስ ጥሏል። በ2014 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የኢትዮጵያ የአመጋገብ መመሪያም ጥራጥሬ፣ አትክልትና ፍራፍሬ በየቀኑ እንድንበላ፣ ስኳርን፣ ጨውንና ለስላሳ መጠጥን እንድንቀንስ ይመክራል። መመሪያውን ሳነበው ደስ ያለኝ፣ ብዙው የእናቶቻችን ጓዳ ውስጥ የነበረ ስለሆነ ነው፤ አዲሱ ነገር ያኔ እምብዛም ያልነበረን አትክልትና ፍራፍሬ መጨመሩ ነው። የድሮው እህልና የዛሬው አትክልት አንድ ትሪ ላይ ቢገናኙ ከሁለቱም ዘመን የተሻለ ማዕድ ይሆናል፤ ይህን ዕድል ያገኘው የመጀመሪያው ትውልድ ደግሞ የእኛ ልጆች ናቸው። ግን መመሪያ ሱቅ ደጃፍ ላይ አይንጠለጠልም። በትምህርት ቤት በር ብስኩት በቀላሉ ተገኝቶ ቆሎ ከተወደደ ልጁ የሚገዛውን እናውቃለን፤ በሽምብራ አገር ቆሎ ብርቅ መሆን የለበትም። የእነዋሪ ወላጆች፣ መምህራንና የወረዳው ሹማምንት በዚያ በር ላይ የሚሸጠውን መወሰን ይችላሉ። ለሰንጋው ምን፣ ስንት ጊዜና ለምን እንደሚቀርብ አንድ በአንድ የሚያስብ ሕዝብ ለልጁም እንዲሁ ማሰብ አያቅተውም፤ ልዩነቱ ሰንጋው ለአንድ ፋሲካ ሲሆን ልጁ ለረጅም ዕድሜ መሆኑ ነው።