ከማርሚታው በፊት

የእህቴ ልጅ ኳድ ባይኩን፣ ባለ አራት ጎማ ሞተር ሳይክሉን፣ በተከራየው ፒክአፕ ጭኖ ቤቴ ያመጣው ሁዳዴ ሊፈታ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። 19 ዓመቱ ነው፤ ተወልዶ ያደገው እዚሁ ሜሪላንድ ነው፤ አማርኛው ሲናደድ ይጠፋበታል እንጂ ደህና ይናገራል።

«ጋሼ፣ ንጹሕ ዕቃ ነው። ሰውዬው እርሻው ውስጥ ብቻ ነው የነዳው» አለኝ ገመዱን እየፈታ።

ያማሃ ዋይኤፍዚ 450 አር ነው። ይህ ዓይነቱ በፈረንጆች አቆጣጠር በ2009 ለገበያ ሲቀርብ ካርቡራተሩ ቀርቶ በኢንጀክሽን የሚሠራ ሆነ። ሞተሩ 449 ሲሲ ነው፣ አምስት ማርሽ አለው፣ ነዳጅና ዘይቱ ሲሞላ 180 ኪሎ ያልፋል። ልጁ ሕልሙ አንድ ቀን ባድስ ክሪክ ላይ መወዳደር ነው። ባድስ ክሪክ እዚሁ ሜሪላንድ ያለ የታወቀ የሞቶክሮስ ሜዳ ነው፤ በ2007 የየአገሩ ቡድኖች የሚገናኙበት ሞቶክሮስ ኦፍ ኔሽንስ የተካሄደውም እዚያ ነበር። እኛ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ የተመዘገብነው አንድ አነስተኛ የአካባቢ ሜዳ ላይ ነው።

«መጀመሪያ ማርሚታውን እንቀይራለን፤ ድምፁ ራሱ ያስፈራቸዋል» አለ።

እኔ ሙያውን የለመድኩት አዲስ አበባ፣ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ፣ በሰይቼንቶና በላንድሮቨር ነው። ኳድ ነክቼ አላውቅም ነበር። ቢሆንም ዕቃ ሲመጣልኝ የማደርገውን አደረግሁ፤ ክሪክ ጠየቅሁት። ኋላውን አንስተን ማርሹን ዜሮ አደረግንና ጎማውን በእጄ አሽከረከርኩት። ከዚያ ጠመኔ ይዤ፣ ክንዴን ብረት ላይ አስደግፌ፣ ጫፉን ወደ አክስሉ አስጠጋሁት። ቀጥ ያለ አክስል ቢሆን ጠመኔው ዙሪያውን ይቀባው ነበር። የእኛው የተቀባው በአንድ ወገን ብቻ ነው፤ በሌላው ወገን ነጭ ነገር አልነካውም። አክስሉ ቆልመም ብሏል። እርሻ ውስጥ ብቻ የተነዳ ኳድ አክስሉ እንዲህ አይጎብጥም፤ ከከፍታ እየዘለለ ሲያርፍ የኖረ ነው። ልጁ ስልኩን አውጥቶ ሻጩ ጋ ደወለ፤ አልተነሳም።

የማርሚታው ገንዘብ እንግዲህ ለአክስል ዋለ። እኔ እንኳ አልተከፋሁም። የኳድ ጉዳዩ ያለው ኋላው ላይ ነው። መኪና ሲታጠፍ ዲፈረንሻሉ የውጭውን ጎማ ከውስጠኛው አስበልጦ ያሽከረክረዋል። የእሽቅድምድም ኳድ ግን ዲፈረንሻል የለውም፤ ሁለቱ የኋላ ጎማዎች በአንድ ድፍን አክስል ታስረው እኩል ይዞራሉ። ስለዚህ ኩርባ ላይ ኋላው መንሸራተት አለበት፤ ነጂውም ሰውነቱን ወደ ውስጥ ካላጋደለ የውስጡ ጎማ ይነሳል። ስፋት የሚፈለገው ለዚህ ነው። የውድድሩ ደንብ እስከ 50 ኢንች፣ ማለትም 127 ሳንቲ ሜትር ይፈቅዳል። አዲሱን አክስል ገፋ አድርገን እዚያው ድረስ አሰፋነው፤ የፊት ጎማዎቹን ከሻንሲው ጋር የሚያያይዙትን ክንዶችም ረዘም ባሉ ተካናቸው።

እህቴ በዚህ መሐል ቡና በፔርሙስ ይዛ መጣች። «ይኼ ነገር ይገለበጣል ይላሉ» አለች፣ እኔን ሳይሆን ኳዱን እያየች። አልዋሸኋትም። መጀመሪያ የወጣው ባለ ሦስት ጎማ ነበር። ሆንዳ በ1970 ያመጣው ሲሆን ብዙ ሰው ስለጎዳ በ1988 ፋብሪካዎቹ ከአሜሪካ መንግሥት ጋር ተስማምተው አዲሱን መሸጥ አቆሙ። ባለ አራቱ ይሻላል፤ አይገለበጥም ማለት ግን አይደለም። ይህን ስነግራት ቡናውን ቀድታ ለልጇ ሳትሰጠው ገባች።

የኋላ ጎማዎቹ 20 ኢንች ነበሩ፤ ለሞቶክሮስ የሚሆኑት 18 ናቸው። ቸርኬውም አብሮ ከ9 ወደ 8 ይወርዳል። ከመሬት የምንወርደው የልዩነቱን ግማሽ፣ አንድ ኢንች ብቻ ነው፤ ነገር ግን ኩርባ ላይ ያች አንድ ኢንች ትታወቃለች። ነፋሱ ደግሞ ሌላ ትምህርት ነው። ለመኪና 32 ፒኤስአይ እንሞላለን፣ ለዚህ ግን 5 ገደማ ይበቃል። የነዳጅ ማደያው መለኪያ ይህን ያህል ዝቅ ያለውን በትክክል ስለማያነብ ለዝቅተኛ ግፊት የተሠራ መለኪያ ገዛን። ከዕቃው ሁሉ ርካሹ እሱ ነበር።

ከዚያ ደንቡ ግድ የሚለው መጣ። በግራና በቀኝ፣ በፊትና በኋላ ጎማ መካከል፣ መረብ ያለው የብረት ቱቦ ይታሰራል። እግር ከመርገጫው ቢያመልጥ መረቡ ላይ ይቀራል፤ መረቡ ከሌለ የኋላ ጎማው እግሩን ወደ ራሱ ይጎትተዋል። ሁለተኛ ጥቅሙም ቀላል አይደለም፤ የሌላው ኳድ ጎማ በመሐል ገብቶ ከእኛው ጋር እንዳይጠላለፍ ይከላከላል። በሩጫ ላይ ሁለት ጎማ ከተነካካ አንደኛው ሌላውን ይወጣበትና ባለቤቱን ያሽቀነጥረዋል። መሪው ላይ ደግሞ ሞተር ማጥፊያ አለ፤ ገመዱ ከነጂው ጋር ይታሰራል። ነጂው ከወደቀ ገመዱ ይነቀላል፣ ሞተሩም ወዲያው ይጠፋል። ይህን ለእህቴ ሦስቴ ያህል አሳየኋት፤ በራሷ እጅ ስትነቅለው ነው ፊቷ የተፈታው።

ቀሪውን ሥራ ማንም አያየውም። የስፖንጅ አየር ማጣሪያውን አጥበን፣ አድርቀን፣ በሚያጣብቀው ዘይቱ አሸነው፤ እጃችን ለሁለት ቀን ሰማያዊ ሆኖ ሰነበተ። የፊት መብራቶቹን አወጣን። የአክስሉን ዳዶ በሽቦ አሰርን። እያንዳንዱን ቡሎን ካጠበቅን በኋላ ከራሱ ወደ ብረቱ የሚያልፍ ቀጭን ነጭ መስመር በቀለም ሰመርንበት። ቡሎኑ ከላላ መስመሩ ይሰበራል፤ ቁልፍ ሳያነሱ በዓይን ብቻ ይታወቃል። ልጁ መጀመሪያ ሳቀ፤ ኋላ ግን ብሩሹን ከእጄ ወሰደ።

የውድድሩ ቀን ጠዋት መርማሪው ያየው ይህንኑ ነው። ጎማዎቹን ይዞ ወዘወዘ፤ ሞተሩን አስነስቶ ገመዱን ነቀለ፤ ፍሬኑን ጨመቀ፤ መረቡን በጫማው ረገጠ። ስለ ፈረስ ጉልበት የጠየቀ የለም። ከጎናችን የነበረ አንድ ልጅ ያብረቀረቀ ማርሚታ ገጥሞ ነበር፤ የማጥፊያው ገመድ ስላልሠራለት ከሰልፉ ወጥቶ ሲያስተካክል የልምምድ ዙሩ አመለጠው።

ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር ሜዳው ጎድጉዷል። በመጀመሪያው ኩርባ ሁሉም በአንዴ ተጋፍተው ሲገቡ አንዱ የእኛን ልጅ በጎኑ መታው። የብረት ኳኳታው እኔ ከቆምኩበት አጥር ድረስ ተሰማ። ኳዱ ዞር አለ፣ ቀና አለ፣ ሄደ። ሲመለስ የግራው ቱቦ ወደ ውስጥ ተጣሞ ነበር፤ ጎማው ግን አልተነካም። ከመሐል ትንሽ ዝቅ ብሎ ጨረሰ። እህቴ ደውላ የጠየቀችኝ ስንተኛ ወጣ ብላ አይደለም። «ቆሟል?» አለችኝ። «ቆሟል፣ ውኃ እየጠጣ ነው» አልኳት።

ቤት ስንመለስ አጥበን መስመሮቹን አየናቸው። ከአንዱ የሞተር ማሰሪያ ቡሎን በስተቀር ሁሉም እንደነበሩ ናቸው፤ ያንን በዚያው ምሽት አጠበቅነው።

ልጃችሁ ኳድ ግዙልኝ የሚላችሁ ወላጆች፣ በዚህ መጠን ያለው ኳድ ላይ ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ እንዳይሰጥ የሚል ማስጠንቀቂያ ተለጥፏል፤ አንብቡት። ዕድሜው ደርሶ ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ደግሞ ክሪክና ጠመኔ ይዛችሁ ሂዱ። ሻጩ ኋላውን አንስታችሁ እንድታሽከረክሩት ካልፈቀደ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ተመለሱ።