ማን ላከዎት?

ከሳሹን የሚመረምር ሰው ብዙ ነው፤ ክሱን የሚመረምር ግን ጥቂት ነው። ይህን ያስተዋልነው ለሥራ በተመደብንበት በመተማ፥ የቆላው ሙቀት በረድ በሚልበት ማታ፥ አንድ የግሪክ ቴያትር ስናነብ ነው። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ ቆስለው በማግሥቱ ያረፉት በዚህ ምድር ስለ ሆነ፥ የንጉሥን መውደቅ የሚናገር መጽሐፍ በመተማ ሲነበብ ልብን አብዝቶ ይነካል።

ቴያትሩ ሶፎክልስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት የደረሰው «ንጉሥ ኤዲፐስ» ነው። በቴብስ ከተማ ቸነፈር ገብቶ ሕዝቡ ባለቀ ጊዜ፥ መቅሠፍቱ የሚርቀው የቀድሞው ንጉሥ የላዮስ ገዳይ ሲወገድ እንደ ሆነ ተነገረ። ኤዲፐስም ገዳዩን ረግሞ ዕውሩን ነቢይ ቲሬስያስን አስጠራ። ነቢዩ እውነቱን ያውቅ ነበርና ዝም ማለትን መረጠ፤ ንጉሡ ግን በግድያው እጅህ አለበት ብሎ ስለ ወነጀለው፥ የምትፈልገው ገዳይ አንተው ነህ አለው። በዚህ ጊዜ ኤዲፐስ ነገሩ እውነት እንደ ሆነ አልጠየቀም፤ የሚስቱ ወንድም ክሬዮን ዙፋኑን ለመንጠቅ ነቢዩን የላከበት መሰለው እንጂ።

በእኛም አገር ታሪክ ይህን የሚመስል አለ። እ.ኤ.አ. ከ1314 እስከ 1344 የነገሡትን ዐፄ ዓምደ ጽዮንን አቡነ አኖሬዎስ፥ የአባትዎን ሚስት አግብተዋል ብለው በገሠጿቸው ጊዜ፥ ንጉሡ መነኵሴውን እንዳስገረፉ ገድሉ ይተርካል። ንጉሥ ዳዊት ግን ነቢዩ ናታን በኦርዮን ሚስት ምክንያት በወቀሰው ጊዜ በደሉን ወዲያው አመነ።

እኛም ንጉሥ ሳንሆን፥ በትንሽ ወንበር ላይ ሳለን፥ ይህ ፈተና ደርሶብናል። በአንድ የሰሊጥ መከር ወራት በምንመዝንበት ስፍራ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ቀርበው፥ «ልጄ፥ ሚዛንህ ይበላል» አሉን። ሰው ሁሉ ይሰማ ነበርና ደማችን ፈላ። «አባቴ፥ ይህን እንዲናገሩ ማን ላከዎት?» አልናቸው። «የላከኝ ሰሊጤ ነው» ብለው ጆንያቸውን በአህያ ጭነው ሄዱ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለን። በማግሥቱ ማንም ሳይመጣ 20 ኪሎ የሚመዝን የብረት መመዘኛ በሚዛኑ ላይ ብናስቀምጥ፥ 19 ብቻ አመለከተ። ከየሃያው አንዱ እየጐደለ የስንቱ ድካም በእጃችን አልፏል! ለአለቃችን አስታውቀን ሚዛኑ ተስተካከለ፤ በመዝገብ የተገኙትም ገበሬዎች የጐደለባቸው ተከፈላቸው። ሽማግሌው ግን ስማቸው በመዝገብ አልነበረምና፥ ብንጠይቅም አላገኘናቸውም። ይቅርታ ሳንጠይቃቸው ቀረን።

ኤዲፐስ ነቢዩን አዋርዶ ቢያባርርም፥ በኋላ ምርመራውን ትተው ቢሉት እንኳ ሳያቋርጥ በራሱ ላይ እስኪፈርድ አደረሰው። ስለዚህ እንደ ክፉ ንጉሥ ብቻ ልንቈጥረው አይገባም። እኛም፥ ማኅተምም ሆነ ሚዛን በእጃችን ያለ ሁሉ፥ «ማን ላከህ?» ከማለታችን በፊት «እውነት ነውን?» ማለትን ብንለምድ፥ ከሳሻችን ሳይርቅ ይቅርታ ለመጠየቅ ጊዜ ባገኘን ነበር።