የብርጭቆ ወረቀት

ገሳይ ውስጥ ስኬትቦርድ አለ ብላችሁ እንደምትስቁ አውቃለሁ። ድንችና ገብስ፣ ብርድና ጭቃ፣ ከበላይ ጉና፣ መሀሉን ሰንጥቆ የሚያልፈው የወረታ–ወልዲያ መንገድ፤ ሌላ ምን አለ ትላላችሁ። ግን እኮ እኛ በኩሽኔታ ጋሪ ቁልቁለት እየወረድን ነው ያደግነው። ቻይናዎች የሠሩት ያ መንገድ አስፋልት ከለበሰ ወዲህማ፣ የመንደሩ ልጅ የሚሽከረከር ነገር ካገኘ አይለቅም።

አሮጌ ስኬቱን የሰጠኝ አዲስ አበባ ያለ ወዳጄ ነው። ኢትዮጵያ ስኬት የተባሉት ወጣቶች በ2008 ዓ.ም. ከውጭ በጎ ፈቃደኞች ጋር ሆነው ባሠሩት የሲሚንቶ ሜዳ የተማረ ልጅ ነው። ሰሌዳው ደህና ነበር፤ ላዩ ላይ የሚለጠፈው ጥቁር ሸካራ ልጣፍ፣ ግሪፕ የሚሉት፣ ግን ተልጦ አልቋል።

ይኼ ልጣፍ ለማያውቀው ሰው ጌጥ ይመስላል። ስኬት እኮ እግር የሚያስር ነገር የለውም። ኦሊ የሚባለውን ዝላይ ስትዘሉ የኋላ እግር የሰሌዳውን ጭራ መሬት ላይ ይመታል፣ የፊት እግር ደግሞ በጫማው ጎን ሰሌዳውን እየፈተገ ወደ ላይ ይስበዋል። ሸካራው ከሌለ ሰው ለብቻው፣ እንጨት ለብቻው ይሄዳል።

ደብረ ታቦር አንድ አናጢ ዘንድ ሄድኩ። «ጋሼ፣ እንጨት ላይ የምለጥፈው፣ እግር የሚይዝ ነገር ፈልጌ ነበር» አልኳቸው። የብርጭቆ ወረቀት ዘረጉልኝ። ቁጥሩ ሲያንስ ሸካራነቱ ይብሳል፤ 40 ጫማ ይበላል፣ 120 ደግሞ እግር አይዝም፤ 80 መረጥን። «ጀርባው ጨርቅ የሆነውን ውሰድ፤ የምትለጥፈውም በማስቲሽ ይሁን። ኮላ ውሃ ሲነካው ይለቃል» አሉኝ። እኔ ግን ጀርባው ወረቀት የሆነውን ገዛሁ። ኮላ ደግሞ ቤት ነበረኝ። ልዩነቱ የሳምንት የሻይ ገንዘብ ነበር፤ ምን ላርግ፣ ሳሳሁ።

ክረምቱ ገባ። ነሐሴ ላይ አንድ ጠዋት፣ ከፊት ያለው የወረቀቱ ጫፍ ተነሥቶ አየሁት። በአውራ ጣቴ ስጫነው ተመልሶ ተኛ። ነገ አስተካክለዋለሁ ብዬ ግድግዳ ሥር አቆምኩት።

የቡሄ ዕለት፣ ሆያ ሆዬው ሲያበቃ፣ ታናሽ ወንድሜ ይዞት ወጣ። አስፋልቱ እርጥብ ነበር። ወረቀቱ ከነጫማው አብሮት ሄደ፤ ልጁ በግራ እጁ ወደቀ። ወጌሻው ሲያሹት ያሰማው ጩኸት እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። እናቴ ስኬቱን እንጂ እኔን አልወቀሰችም። «የሰይጣን ፈረስ!» ብላ ማገዶው ላይ ወረወረችው። እኔም ዝም አልኩ።

ጥር ላይ ወዳጄ እውነተኛውን ግሪፕ ላከልኝ። ወደ 23 በ84 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ላዩ የሲሊከን ካርባይድ ፍርፋሪ ነው፤ ሙጫው ከጀርባው ተቀብቶ በወረቀት ተሸፍኗል። ወንድሜ እጁ ድኗል፤ «ወንድም ጋሼ፣ እኔም ልለጥፍ» አለኝ። የገሳይ ብርድ ሙጫ አያስይዝም፤ ስለዚህ ሰሌዳውንም ልጣፉንም እኩለ ቀን ድረስ ፀሐይ ላይ አሰጣናቸው። የኮላውን ቅሪት ፋቅን፣ በደረቅ ጨርቅ ጠረግን። ሽፋኑን ከአንድ ጫፍ ትንሽ ልጠን አስያዝን፣ ከዚያ እየላጥን፣ ከመሀል ወደ ዳር በመዳፍ እየተጫንን አየሩን አስወጣን። ግራ እጁን እንደ ልቡ ይጫንበታል። አንድ ቦታ አየር ቋጠረ፤ በመርፌ ወጋነው። ከዚያ የሰሌዳውን ጠርዝ በሞረድ ዙሪያውን ፈተግን፤ ነጭ መስመር ሲወጣ፣ ያንን ተከትለን ትርፉን ከሥር በምላጭ ቆረጥን።

ስምንቱን የቦሎን ቀዳዳዎች ከታች ሲወጋ፣ ቀና ሳልል «ያኔ ጫፉ መነሣቱን አይቼ ነበር» አልኩት።

«እኔም አይቼዋለሁ» አለ፤ «ስኬቱን እንዳትከለክለኝ ብዬ ነው ያልነገርኩህ።»

ሞረዱን ተቀብሎኝ የፊት ጫፉን እንደገና ፈተገው። ለእናታችን ማን እንደሚነግራት ግን እስካሁን አልተስማማንም።