ኢንሱሊን፣ ባክቴሪያና አራት ነጥብ

ዛሬ ስለ ኢንሱሊን የምመልሰው ጥያቄ ዘግይቶ የደረሰኝ ነው።

ባለፈው ክረምት ከደብረ ማርቆስ ወጣ ካለች ቀበሌ አንዲት እናት ስኳር ያለበትን የ9 ዓመት ልጇን ይዛ መጣች። ያስመልሰዋል፣ በጥልቀት ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፣ አፉ የበሰለ ፍራፍሬ ይሸታል። ኢንሱሊኑን ካቋረጠ ሦስት ቀኑ ነበር።

«ከባክቴሪያ ነው የሚሠራው ሲሉኝ፣ በገዛ እጄ ጀርም ልወጋው ነው ብዬ ፈራሁ» አለችኝ።

ልቆጣት አልቻልኩም። ሁለት ዓመት ሙሉ ስጽፍላት ከምን እንደሚሠራ አንድ ቀን ነግሬያት አላውቅም።

ልጁ ነፍሱ መለስ ሲል አልጋው አጠገብ ተቀምጠን አወራን። የሰማችው እውነት ነው። ድሮ ኢንሱሊን ከአሳማና ከከብት ቆሽት ይወጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 ተመራማሪዎች የሰውን ኢንሱሊን የሚያሠራውን ዘረ መል ባክቴሪያ ውስጥ አስገቡ፤ በ1982 መድኃኒቱ አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። ዛሬ በእርሾም ይሠራል። ባክቴሪያው ሠራተኛ ነው፤ ሥራው ሲያልቅ ይገደላል፣ ኢንሱሊኑ ተጣርቶ ይወጣል። ብልቃጡ ውስጥ ሕያው ባክቴሪያ የለም።

ዘረ መል በአራት ፊደል ይጻፋል፤ ሦስት ሦስት ፊደል አንድ ቃል ይሆናል። ከ64ቱ ቃላት ሦስቱ «እዚህ ላይ ቁም» ማለት ናቸው፤ ስቶፕ ኮዶን ይባላሉ። እንደኛ አራት ነጥብ ናቸው። የኢንሱሊኑ ጽሑፍ ማብቂያ ላይ ስለተቀመጡ ባክቴሪያው ከዚያ አልፎ አይሠራም።

«ባክቴሪያው ቢያመልጥስ?» አለች። እ.ኤ.አ. በ1975 ካሊፎርኒያ፣ አሲሎማር ላይ የተሰበሰቡ ሳይንቲስቶችም ያሰጋቸው ይኸው ነበር። ከመፍትሔዎቹ አንዱ አራት ነጥቡን መሃል ላይ ማስገባት ሆነ። ጎረቤታችሁ «ነገ ጠዋት በሬውን» ብሎ ዝም ቢል ምን ትሠራላችሁ? ዘረ መልን ወደ ባክቴሪያ በሚያደርሱ ቫይረሶች ላይ እንዲህ ተደረገ፤ ለመራባት የሚያስፈልጋቸው ጽሑፍ መሃል «ቁም» ተጻፈበት። ያንን ቃል አልፎ ማንበብ የሚችል ልዩ የቤተ ሙከራ ባክቴሪያ ካላገኙ አይራቡም። ባክቴሪያውም ራሱ ውጭ መኖር እንዳይችል ተደርጎ ተዳከመ።

ልጃችሁ ባይበላም፣ ቢያስመልሰውም ኢንሱሊኑን ጨርሶ አታቋርጡ፤ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም አምጡት። ፍሪጅ ከሌላችሁ በውኃ በረጠበ ሸክላ ውስጥ፣ ጥላ ቦታ አስቀምጡት። እሷም እንዲህ ነው የምታደርገው። ባለፈው ቀጠሮ ልጁ መርፌውን ራሱ ሲወጋ አሳየኝ፤ እናቱ ፊቷን አዞረች።