የሬዲዮው ጩኸት ከየት መጣ?

ሬዲዮ ሲንጫጫ አብዛኛው ሰው የሚወስደው የመጀመሪያ እርምጃ በመዳፍ መታ መታ ማድረግ ነው። አንዳንዴ ይሠራል፤ ባይሠራም ንዴት ያበርዳል። መኪና ውስጥ ሲሆን ግን ነገሩ ይጠናል። ጣቢያው እየራቀ ይሄዳል፣ ተራራ ይጋርዳል፣ ከራስ በላይ የኤሌክትሪክ ሽቦ ያልፋል፣ ከፊት ሞተር ይጮኻል። ተጠርጣሪው ይበዛል። ተጠርጣሪ ሲበዛ ደግሞ ዕቃው ይቀርና ሰው ይከሰሳል።

ይህን የምንለው በዓይናችን ስላየን ነው። በ2008 ዓ.ም. እኛ አራት የሳይንስ ሰልጣኞች ለማስተማር ልምምድ ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና አካባቢ የምንመላለስባት አንዲት የናፍጣ ፒክአፕ ነበረች። ሾፌሩ በአባታችን ዕድሜ ያሉ፣ ጋሼ የምንላቸው ሰው ነበሩ። ጋሼ ዜና ሳይሰሙ መዋል አይሆንላቸውም። ጠዋት ስንሄድ በመካከለኛው ሞገድ የሚመጣው ዜና ጥርት ያለ ነው። ከሰዓት በኋላ ስንመለስ ግን ቀፎው እንደተነካ ንብ «ዝዝዝ» የሚል ጩኸት ተናጋሪውን ይውጠዋል።

ጋሼ ሬዲዮው ይታይልኝ ብለው ሦስት ጊዜ አመለከቱ። መካኒኩም ሦስቱንም ጊዜ ግቢ ውስጥ ከፍቶ አዳመጠና «ምንም የለበትም» አለ። በሦስተኛው ላይ ነገሩ መልኩን ለወጠ። «አዲስ አስገዝተው አሮጌውን ሊወስዱት ነው» የሚል ወሬ ተነዛ፤ ዳግመኛ ቢጠይቁ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እንደሚሰጣቸውም ተነገራቸው። አንድ ቀን መንገድ ላይ፣ «ልጆች፣ እኔ ይህን ሁሉ ዘመን ስነዳ የሰው ዕቃ ነክቼ አላውቅም። እናንተም ጆሮ አላችሁ፤ ይኸው ስሙት» አሉን። ሰማን። ሳይንስ እናስተምራለን ብለን የወጣን ሰዎች ዝም ብንል ምን ሊባል ነው?

መጀመሪያ ያነሣነው ካንዴላን ነው። እንደሚታወቀው ጀርመናዊው ሄንሪክ ኸርዝ እ.ኤ.አ. ከ1887 እስከ 1888 የሬዲዮ ሞገድ መኖሩን ያሳየው በኤሌክትሪክ ብልጭታ ነበር። የቤንዚን መኪና ካንዴላም የሚያደርገው ያንኑ ነው፤ ብልጭ ባለ ቁጥር አንዲት ትንሽ የሬዲዮ ጣቢያ ይሆናል። በሬዲዮው ውስጥ «ጠቅ ጠቅ» ይላል፣ ነዳጅ ሲሰጡት ይፈጥናል። ብዙዎቹ ካንዴላዎች ዛሬ በውስጣቸው ሬዚስተር የሚደረግላቸውም ለዚህ ነው። የእኛዋ ግን ናፍጣ ናት! ናፍጣ የሚቀጣጠለው በታመቀ አየር ሙቀት ስለሆነ ብልጭታ የሚሰጥ ካንዴላ የላትም። አንደኛው ተጠርጣሪ በነጻ ተለቀቀ።

ሁለተኛው ዲናሞው ነው። ዲናሞ የሚያመነጨው ተለዋዋጭ ኮረንት በዳዮድ ወደ ቀጥተኛ ሲለወጥ ሙሉ በሙሉ አይስተካከልም፤ የቀረችው ሞገድ በድምፅ ማጉያው ታፏጫለች። ምልክቷም ፉጨቷ ከሞተሩ ፍጥነት ጋር መቅጠኑና መወፈሩ ነው። ጋሼን ነዳጅ ይስጡ አልናቸው፤ ሰጡ፤ ጩኸቱ ንቅንቅ አላለም። ሞተሩን አጥፍተው ቁልፉን ብቻ እንዲከፍቱ ለመንናቸው። አሁንም ዝዝዝ።

ሰማዩንም አልተውንም። ቀን ቀን መካከለኛውን ሞገድ የሚውጠው የላይኛው አየር ንብርብር ፀሐይ ስትጠልቅ ስለሚሳሳ፣ ሌሊት የሩቅ አገር ጣቢያዎች ገብተው ይደባለቃሉ። እኛ የምንመለሰው ግን በአሥር ሰዓት ነው፤ ፀሐይዋ ገና አናታችን ላይ ናት ቢባል ይቀላል።

ፍርዱን የሰጠን የጣርማ በር ዋሻ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን ተራራው ተቦርቡሮ የተሠራ፣ ያ መንገድ የሚያልፍበት ዋሻ ማለታችን ነው። የመካከለኛው ሞገድ ርዝመቱ በመቶ ሜትሮች የሚቆጠር ስለሆነ እንዲህ ያለ ጠባብ ጉድጓድ ውስጥ መግባት ይቸግረዋል። እንደገባን ጣቢያው ጠፋ። ጩኸቱ ግን ጭራሽ ጎላ! ከውጭ የሚመጣ ቢሆን ኖሮ አብሮ በጠፋ ነበር። ስለዚህ ሌባው አብሮን ተሳፍሯል ማለት ነው። የጎላበትም ምክንያት አለው፤ ሬዲዮ ጣቢያው ሲደክምበት ጆሮውን ያቀናል፣ ያን ጊዜ ትንሹም ኮሽታ ትልቅ ይሆናል።

ከዋሻው ወጥተን ጥግ ይዘን ቆምንና በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ሁሉ አንድ በአንድ እናጠፋ ጀመር። መብራት ጠፋ፣ ማራገቢያው ጠፋ፤ ምንም። በመጨረሻ ጋሼ ከመኪናዋ ጋር የተረከቧት፣ ሲጋራ መለኮሻው ላይ የምትሰካው የስልክ ቻርጀር ተነቀለች። ጸጥ! ተሰካች፤ ዝዝዝ። ተነቀለች፤ ጸጥ። ጋሼ «እስቲ በራሴ እጅ» ብለው እንደ ልጅ ደጋገሙት።

አሁን ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ያዘ። ጠዋት የስልካችን ባትሪ ሙሉ ነው፤ ቻርጀሯን የሚነካት የለም። መብራት ከሌለው ትምህርት ቤት ውለን ስንመለስ ግን እየተሻማን እንሰካለን። መካኒኩ ግቢ ውስጥ ሲያዳምጥ ስልክ የሰካ ሰው አልነበረም፤ ስለዚህ ምንም የለበትም ማለቱ እውነቱን ነው። ጋሼም እውነታቸውን ነው።

ለመሆኑ ይህች የጣት ቁመት የማታክል ነገር ምን ሠርታ ነው? የመኪናውን 12 ቮልት ወደ 5 ቮልት የምታወርደው ኮረንቱን በሰኮንድ ብዙ ሺህ ጊዜ፣ አንዳንዷም መቶ ሺህ ጊዜና ከዚያ በላይ፣ እያበራች እያጠፋች ነው። መቶ ሺህ ጊዜ የሚቆራረጥ ኮረንት ደግሞ ሁለት መቶ ሺህ፣ ሦስት መቶ ሺህ እያለ ብዜቶቹን አስከትሎ ይሄዳል። መካከለኛው ሞገድ ከ530 እስከ 1,600 ኪሎ ኸርዝ ገደማ ስለሆነ ብዜቶቹ ዘው ብለው መሐሉ ይገባሉ። ደኅና ቻርጀር ይህን የሚያፍን ጥቅል ሽቦና ካፓሲተር አለው፤ በርካሽ የሚሸጠው ግን መጀመሪያ የሚጎድለው ይኸው ነው። የስልኩ ገመድም ሳይጠየቅ አንቴና ይሆንለታል።

ያየነውን በአንድ ገጽ ጽፈን አራታችንም ፈርመን አስገባን። መካኒኩ ራሱ መጥቶ ሰማ፣ ሳቀም። የማስጠንቀቂያው ነገር በዚያው ቀረ። ወሬውን የነዛው ሰው ግን ይቅርታ ሲል አልሰማንም፤ ጋሼን ከሬዲዮው ይልቅ ያሳዘናቸው ይህ ነው፤ እኛንም እስከ ዛሬ ያናድደናል።

ነገሩ በቻርጀር አያበቃም። የኤሌክትሪክ መኪና የባትሪውን ኮረንት ለሞተሩ የሚያዘጋጀው በዚሁ የማብራት የማጥፋት ዘዴ ነው፤ ጉልበቱ ግን ከቻርጀሯ ጋር አይወዳደርም። በዚህ ሰበብ አንዳንድ ፋብሪካዎች ከኤሌክትሪክ መኪናዎቻቸው መካከለኛውን ሞገድ አውጥተውታል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2023 «የአደጋ ጊዜ መልእክት የሚተላለፍበት ነውና አይውጣ» የሚል የሕግ ረቂቅ ቀርቧል። በእኛም አገር በ2016 ዓ.ም. የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉ ስለተነገረ፣ ይህ ጥያቄ ወደ ደጃችን መምጣቱ አይቀርም።

ለልምምድ የምትወጡ ሰልጣኞች፣ ይህን ለማሳየት መኪና አያስፈልጋችሁም። ትንሽ ሬዲዮ፣ የሚሠራ ቻርጀርና ማስመሪያ ይበቃል። ሬዲዮውን ጣቢያ በሌለበት ቦታ ላይ አድርጋችሁ ቻርጀሩን አስጠጉ፤ ጩኸቱ በስንት ሳንቲ ሜትር ላይ እንደሚጠፋ ልጆቹ ራሳቸው ይለኩ። እኛ ስድስተኛ ክፍል ውስጥ ስንሞክረው አንዲት ልጅ እጇን አወጣችና፣ «ቲቸር፣ ሬዲዮ ጣቢያ ከሆነ ምን እያለ ነው?» አለች። ደወሉ ስለተደወለ መልሱን ለሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ አስተላለፍነው።