የሐርጌሳ ብርድ

የሶማሌ አገር ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስበው ሙቀትን ብቻ ነው። ሐርጌሳ ግን ከባሕር ወለል ከ1300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች በመሆንዋ፥ በታኅሣሥና በጥር ሌሊቱ ከ15 ዲግሪ በታች መውረዱ የተለመደ ነው። ስለዚህ ስስ ሸሚዝ ብቻ ይዘን ከደረስን በመጀመሪያው ሌሊት ብርድ ልብስ መጠየቃችን አይቀርም።

እግረ መንገዳችንን አማርኛ ለሚማሩ አንባቢዎቻችን አንድ ነገር እናሳስባለን። የአውሮፓውያንን የብርድ ወራት «ክረምት» ብሎ መተርጐም ተለምዷል፤ በአገራችን ግን ክረምት የዝናም ጊዜ ሲሆን፥ ታኅሣሥና ጥር በጋ ናቸው፤ ውርጭም የሚወርደው በበጋ ነው። ሶማሌዎች ይህንኑ ደረቅ ወራት ጂላል ይሉታል። ጂላል ለከብት አርቢው የውሃና የሣር እጦት ያለበት አስጨናቂ ወቅት ነው፤ ለከተሜው ግን ለእግር ጉዞ ይስማማል።

ከተማዪቱን ለሁለት የሚከፍለው የማሮዲ ጄሕ ወንዝ በዚያ ወራት አሸዋ ብቻ ሆኖ ይታያል። ማለዳ በዳርቻው ስንመላለስ ሰውነታችን ከማናቸውም ካፖርት ይልቅ በእርምጃ ይሞቃል። ፀሐይ ከፍ ስትል ደግሞ ልብሱ ይከብዳል፤ ስለዚህ ከአንድ ወፍራም ልብስ ሁለት ስስ ደርቦ አንዱን ማውለቅ ይሻላል። ደረቁ አየር ላቡን ሳናየው ስለሚወስደው፥ ባይጠማንም ውሃ መጠጣት ያስፈልጋል።

ናሳ ሀብሎድ ወደሚባሉት መንትያ ኮረብቶች ለመሄድ የሚሻ ሰው የአገሩን ሰው መሪ አድርጎ፥ ከተለመደው የእግር መንገድ ባይወጣ መልካም ነው። በከተማዪቱ መካከል በሐውልት ላይ የቆመው የጦር አውሮፕላን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1988 የደረሰውን ድብደባ ያስታውሳል፤ ከዚያ ጦርነት የቀረውን ፈንጂ ለማንሣት ሃሎ ትረስት የተባለው ድርጅት በ1999 በሶማሌላንድ ሥራ ጀመረ።

ከሁሉ ይልቅ የምንፈራው ግን ብርዱን ሳይሆን ብርዱን ለማባረር የሚገባውን ከሰል ነው። በርና መስኮት ተዘግቶ የከሰል ምድጃ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ አየር ይወጣል፤ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ጭሱ አልቆ ፍሙ ቀይ ሲሆንም መውጣቱን አይተውም። በደም ውስጥ የኦክሲጅንን ቦታ ስለሚይዝ፥ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል። ራስ ምታት፥ ማዞርና ማቅለሽለሽ የተሰማው ሰው ሳይዘገይ ወደ ደጅ ይውጣ፤ አብረውት ያሉትንም ያውጣ፤ ወደ ሐኪምም ይሂድ። ይህ ጥፋት በእኛም ደጋ አገር ስንቱን ቤት ዘግቷል!

ምድጃው ከነፍሙ በደጅ ይደር። ማምሻውን ሄልና ዝንጅብል የገባበት ሻይ እዚያው በውጭ ይፈላበታል፤ የግመል ወተት ሲጨመርበት ደግሞ ሁለተኛውን ብርጭቆ እምቢ የሚል እንግዳ አላየንም።