ካሳ መጠየቅ ልጁን ማሳሰር አይደለም

በወላይታ ሶዶ የምትኖር እናት ሁሉ የሞተር ሳይክልን ድምፅ ቤቷ ተቀምጣ ታውቀዋለች። ልጅ ከትምህርት ቤት፣ እህል ከገበያ፣ ሕመምተኛ ከገጠር ወደ ሐኪም ቤት የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ በሞተር ነው። ከቦዲቲ፣ ከአረካና ከሁምቦ መንገዶች ገባ ብለው ባሉት ቀበሌዎችም መኪና በማይደርስበት ሞተር ይደርሳል። ስለ ጥቅሙ የሚከራከር የለም። ዛሬ የማጫውታችሁ ግን ሞተር ስለሰበረው እግሬ፣ ከእግሬም ይልቅ ባለማወቅ ስለሠራሁት ስሕተት ነው።

ነገሩ ከሆነ ሁለት ዓመት ከጥቂት ወራት አልፎታል። ከሥራ ወጥቼ፣ ለእራት የሚሆን ጎመንና ጎደሬ ገዝቼ መንገድ ስሻገር አንድ ሞተር መጥቶ ጣለኝ። አሽከርካሪው እዚያው ሰፈራችን ያደገ ልጅ ነው። እየተንቀጠቀጠ «እትዬ፣ ይቅር በሉኝ» ይለኛል። ከተሰበሰበው ሰው መካከል «ትራፊክ ይጠራ» ያለ አንድ ሰው ነበር። «ተዉት፣ የሰው ልጅ በእኔ ምክንያት አይታሰር» ያልኩት እኔው ራሴ ነኝ። ሞተሩ ተነሣ፤ እኔንም አንሥተው ወደ ወጌሻ ወሰዱኝ።

በሳምንቱ ሽማግሌዎች ተቀመጡ። የልጁ እናት ያለቻትን አንዲት ጊደር ሸጣ 12,000 ብር አመጣች። እኔም «ከእንግዲህ ወዲያ የምጠይቀው የለኝም» በሚል ወረቀት ላይ ፈረምኩ። ቡና ተጠጣ፤ ተመረቅን፤ ታረቅን።

እግሬ ግን አልታረቀም። በሁለተኛው ወር ሕመሙ ሲብስብኝ ሐኪም ቤት ሄድኩና አጥንቱ ተጣሞ መግጠሙ ተነገረኝ። ገንዘቡ ከኦፕራሲዮኑ አላለፈም። ዛሬም አነክሳለሁ፤ ልብስ አጥቤ ለመነሣት ግድግዳ እይዛለሁ።

በቅርቡ የመሥሪያ ቤታችን የሕግ ባለሙያ ይህን ታሪክ ሲሰማ «ለመሆኑ ሞተሩ መድን አልነበረውም?» ሲል ጠየቀኝ። ነበረው። እኔ ግን መድን የሚባለው ለሞተሩ ለራሱ፣ ሲሰበር ለማሠሪያ የሚከፈል ይመስለኝ ነበር። እሳቸው አንድ በአንድ ያስረዱኝን ለእናንተም ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ ነገር፣ የሦስተኛ ወገን መድን የተደነገገው እንደ እኔ በመንገድ ላይ ለሚጎዳ ሰው ነው። በ2005 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 799 ማንኛውም ተሽከርካሪ ያለዚህ መድን በመንገድ ላይ እንዳይነዳ ይከለክላል። ሞተር ሳይክልም ተሽከርካሪ ነው። አዋጁ ሲወጣ ለአካል ጉዳት የተቀመጠው ከፍተኛ መጠን 40,000 ብር ነበር። በጊዜው ያለውን መጠን መድን ድርጅቱን ጠይቆ መረዳት ይገባል።

ብዙዎቻችን «ካሳ ከጠየቅሁ ልጁ ይታሰራል» እንላለን። የወንጀሉ ጉዳይና የካሳው ጉዳይ ግን የተለያዩ ናቸው። ከመድን ካሳ መጠየቅ ማለት የማንንም ልጅ እስር መጠየቅ አይደለም። ነገር ግን ትራፊክ ፖሊስ መጥቶ ቦታውን ካላየና ሪፖርት ካልጻፈ፣ አደጋው ስለመድረሱ በምን ይታወቃል? እኔ ለልጁ ያዘንኩ መስሎኝ የራሴን ማስረጃ አጠፋሁ።

«ሞተሩ የሌላ ሰው ነው፤ ልጁ ደግሞ ድኻ ነው፤ ማንን እጠይቃለሁ?» የሚሉም አሉ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የተሽከርካሪውን ባለቤት ኃላፊ ያደርገዋል፤ የነዳው ሌላ ሰው ቢሆንም እንኳ። ገጭቶ ያመለጠ፣ ወይም መድን ያልገባ ሲሆንስ? ለእንዲህ ያለው ጉዳት የመድን ፈንድ ተቋቁሟል። ስለዚህ «ሰሌዳውን አላየሁም» ብሎ ቤት መቀመጥ አያስፈልግም፤ ለፖሊስ ማመልከት ነው።

«ገንዘብ ስላልያዝኩ ሐኪም ቤት አልሄድም» ማለትም ስሕተት ነው። ለተሽከርካሪ አደጋ ተጎጂ አስቸኳይ ሕክምና እንዲሰጥ አዋጁ ያዛል፤ ሲወጣ ለዚሁ የተመደበው እስከ 2,000 ብር ነበር። ወጌሻ የሐኪም ማስረጃ አይሰጥም። ያለ ሐኪም ማስረጃ ደግሞ የጉዳቱን ልክ ማስረዳት አስቸጋሪ ነው።

አሁን ወደ ሽማግሌዎቹ ልመለስ። ዕርቅ ቂምን ያወርዳል፤ ጎረቤትን ከጎረቤት ያኖራል፤ እኔም አልነቅፈውም። ነገር ግን ይቅርታና ካሳ በአንድ ወረቀት ላይ መሥፈር የለባቸውም። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይባላል። ሐኪም የጉዳቱን ልክ ሳይናገር «አልጠይቅም» ብሎ መፈረም፣ ገና ያልታየን ሕመም በቅድሚያ መሸጥ ነው። ሕጉ ካሳው ከጉዳቱ ጋር እኩል እንዲሆን ይላል፤ ወደፊት መድረሱ እርግጥ የሆነውንም ጉዳት ይጨምራል። ሆኖም ዕድሜ ልክ አይጠብቅም። ጉዳት ያደረሰውን ሰው በፍርድ ቤት ለመክሰስ በመሠረቱ የተሰጠው ጊዜ ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ 2 ዓመት ነው። እኔ ይህን የሰማሁት ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው።

እኅቶቼ፤ ከእግሬ ይልቅ የሚያስጨንቀኝ የዚያች እናት ጊደር ናት። ልጆቿ ወተት ሊጠጡባት የነበረችውን ጊደር የሸጠችው፣ መድን ሊከፍለው ይገባ ለነበረ ዕዳ ነው። እኔ በእግሬ፣ እሷ በጊደሯ፣ ሁለት እናቶች ተጎዳን። ሁለታችንም ክፉ አልነበርንም፤ አላወቅንም እንጂ። ሰሞኑን ቤቷ ሄጄ ይህንኑ ነገርኳት። ብዙ ዝም አለችና «ታዲያ ያኔ ማን በነገረን?» አለች።

እንግዲህ ለእናንተ የምነግራችሁ ለዚሁ ነው። ሞተር የሚነዳ ልጅ ያላችሁ፣ መድኑ የታደሰ መሆኑን ዛሬ ማታ ጠይቁት። አደጋ ከደረሰም፣ በቅድሚያ ሐኪም፣ ቀጥሎ የትራፊክ ፖሊስ፣ ከዚያም መድን ይቅደም። ቡናውና ዕርቁ በኋላ ይደርሳል።